የጠመንጃዬ ምስክሮች

በስተርጅና ብዙ ጠባይ አመጣሁ፤ ከሁሉም የከፋው ጠመንጃ መግዛት ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። በዘመኔ ያነጣጠርኩበት መሣሪያ ቢኖር ወንጭፍ ነው። የመታሁትም የጎረቤታችንን መስኮት ነው፤ ያነጣጠርኩት ግን ሌላ ነገር ላይ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ጡረታ ወጥቶ፣ ኦስሎ፣ ትቬይታ ሰፈር ፎቅ ላይ ተቀምጦ፣ «የኤልግ አዳኝ ልሆን ነው» ሲል ሰምቶ የሚስቅ ቢኖር አልፈርድበትም። ኤልግ እዚህ አገር ጫካ ውስጥ የሚኖር፣ ከፈረስ የሚገዝፍ፣ ቀንዱ አካፋ የመሰለ እንስሳ ነው። እኔን ያየ ኤልግ ራሱ ይስቃል።

ነገሩ የመጣው ከሥራ ቦታ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ትምህርት ቤት ውስጥ ቫክትሜስተር ነበርኩ፤ የተሰበረውን እጠግናለሁ፣ የተዘጋውን እከፍታለሁ፣ በረዶ እጠርጋለሁ። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ኖርዌጂያዊ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊት ተቀምጠን ከቤት ያመጣነውን ዳቦ በላን። ዓመቱን ሙሉ ከ«ሞርን»፣ ከእንደምን አደርክ፣ በቀር ቃል የማይወጣው ሰው፣ መስከረም ሲጠባ አፉ ይፈታል፤ ስለ ኤልግ፣ ስለ ጫካው፣ ለብቻ ጉቶ ላይ ተቀምጦ ስለ መጠበቅ ያወራል። እኔ እሰማለሁ፣ በመሃል ቀልድ ጣል አደርጋለሁ፣ እሱ በአፍንጫው ይስቃል።

ሁለታችንም ጡረታ በወጣን ማግሥት ደወለ። ከቡድናቸው አንዱ ጉልበቱ እምቢ ብሎታል። «ቦታ አለ። ፈቃድና ጠመንጃ ካለህ» አለኝ፤ ዘጋው።

ለእሱ ይህ ስልክ ነው። ለእኔ ሹመት ነበር። በዚህ አገር «ና ፈርም» ብለውኛል፣ «ና ደም ስጥ» ብለውኛል፤ «ና ከእኛ ጋር ጫካ እደር» ያለኝ ግን እሱ ብቻ ነው። ያን ቦታ ከማጣ ጥርሴን ባጣ ይሻለኛል አልኩ። (ጥርሱስ ቀድሞ ሄዷል።)

የአዳኝነት ኮርሱን ገባሁ፤ በክፍሉ ውስጥ መነጽሩን የሚረሳ ተማሪ እኔ ብቻ ነበርኩ። ፈተናውን አለፍኩ። የብረት ሣጥን ገዝቼ መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ አስቸነከርኩ። የፖሊስ ፈቃድ ወጣልኝ። የቀረኝ ጠመንጃው ነው፤ እሱም ቶሎ መምጣት ነበረበት፤ ከአደኑ በፊት በገዛ ራስህ ጠመንጃ የተኩስ ፈተና ካላለፍክ ከቡድኑ ጋር አትወጣም።

በኢንተርኔት ፈልጌ አገኘሁ። ከሰሜን የሆነ፣ ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ የሚሸጠው ነው። አበባ ባለበት የጠረጴዛ ልብስ ላይ አጋድሞ ፎቶ አንስቶታል። «ጥሩ ጠባይ ያለው ጠመንጃ ነው» ብሎ ጽፏል። እኔም ሙሽራዋን በፎቶ አይቶ እንደሚያገባ ሰው «ወድጃታለሁ» አልኩ። ግን እዚህ አገር ጠመንጃ እንደ ጫማ በሣጥን ቤትህ አይመጣም። ሻጩ ፈቃድ ላለው የመሣሪያ ነጋዴ ይልካል፤ ነጋዴው ወረቀትህን አይቶ፣ ከሱ ስም ወደ አንተ ስም አዙሮ፣ ያኔ ያስረክብሃል። የእኔ ነጋዴ ሱቁ ማዮርስቱን ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ጉድ የሠራሁት። ምስክር ይዤ ሄድኩ።

ምን ላድርግ? እኛ አገር በሬ እንኳ ያለ ምስክር አይገዛም፤ ጠመንጃ ያለ ምስክር እንዴት ይገዛል? ትሮስተሩድ የሚኖር የቤተ ክርስቲያን ባልንጀራ አለኝ፤ ዕድሜውን ቢሮ ሲያጸዳ ኖሮ እንደኔ ጡረታ የወጣ። ነገሩን ስነግረው ጥያቄ አላበዛም፤ ከረባት አስሮ መጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ ኤልጉ ቢያባርርህ በየትኛው እግርህ ልትሮጥ ነው?» አለኝ ባቡር ውስጥ።

«ላንተ ምን አገባህ? ያንተ ሥራ መመስከር ነው።»

«እመሰክራለሁ እንጂ! ሲበላህም እመሰክራለሁ።»

ነጋዴው ጨዋ ሰው ነው። ወረቀቴን አየ፣ ጠመንጃውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ቁጥሩን መምታት ጀመረ። ጠመንጃው ከፎቶው ይልቅ ያምር ነበር፤ ይህ ለሙሽሮች የማይደርስ ዕድል ነው። ነጋዴው ለጨዋታ ያህል፣ «ኤልግ ነው የምታድነው?» አለኝ።

«ያ» አልኩት፣ አዎ ለማለት። «ኤልግ ከጠፋ ደግሞ የሰበካ ጉባኤያችን ሰብሳቢ አለ።»

ባልንጀራዬ ሳቀና ሳል ያዘው። ሳሉ ጋብ ሲልለት በኖርዌይኛ ጨመረበት፤ «እሱ ይሻላል! ወፍራም ነው፣ አይሳትም!»

የነጋዴው ጣት ቆመ።

«አንተስ ማን ነህ?» አለው።

ባልንጀራዬ ከረባቱን አስተካከለ። «እኔ ምስክር ነኝ።»

«የምን ምስክር?»

አገር ቤት ቢሆን ሻጩ አብሮ ስቆ ዋጋ ይቀንስልናል። ይህ ግን ጠመንጃውን አንስቶ ወደ ኋላ ክፍል አስገባው። ተመልሶ መጥቶ፣ ድምፁን ሳያነሣ፣ ዛሬ ማስረከብ እንደማይችል፣ ለፖሊስ ማሳወቅም ግዴታው እንደሆነ ነገረን። በሩን ከፍቶ መልካም ቀን ተመኘልን። በአክብሮት ሲያባርሩህ የምትሰድበው እንኳ ታጣለህ።

ፖሊስ ጣቢያ ተጠራሁ፤ ፖሊሷ የልጅ ልጄን የምታህል ናት። ፈቃዴ ጉዳዩ እስኪጣራ መታገዱን ነግራኝ ጥያቄ ጀመረች። ከሰብሳቢው ጋር ጠብ አለህ? የለኝም። ክርክርስ? አዎ፣ የመቅደሱ ምንጣፍ ቀይ ይሁን አረንጓዴ በሚል። «አንተ የትኛውን ነው?» አለች። ቀዩን። ጻፈችው። ቀይ ማለቴን ወዲያው ጠላሁት።

ቀልድ መሆኑን ነገርኳት። «ሊሆን ይችላል» አለች። «አንተን በደንብ የሚያውቅ ሰው ልደውልለት እችላለሁ?»

ሁለት ሰጠኋት። አንዱ ባለከረባቱ ምስክሬ ነው። ሁለተኛውን ስናገር ደረቴን ነፋሁ፤ «ያገራችሁ ሰው ነው። ስንት ዘመን አብረን ሠርተናል። እሱን ጠይቂው።»

ቆይታ እንደገና አስጠራችኝ። የተባልኩትን ሰምቼ መልስ መስጠት መብቴ መሆኑን ነግራኝ አነበበችልኝ። ባልንጀራዬ ከሕፃንነቴ ጀምሮ እንደሚያውቀኝ ተናግሯል፤ የተዋወቅነው እዚሁ ኦስሎ ጸበል ስንጠጣ ነው። አገሬ ሳለሁ ነብር የገደልኩ አዳኝ አድርጎኛል። ከአፌ ክፉ ወጥቶ አያውቅም ብሏል፤ ይኸኛውን ስታነብ ፖሊሷ ቀና ብላ አየችኝ።

የሥራ ባልደረባዬ ያለው አጭር ነው። ሰዓት ያከብራል። ቁልፍ ጥሎ አያውቅም። ሲቆጣ አላየሁትም። ከዚያ በኋላ ያለችው ነች የገደለችኝ፤ «ነገር ግን እውነቱን ለመናገር አላውቀውም። ቤቱ ሄጄ አላውቅም። ከሥራ ውጭ እንዴት እንደሆነ መናገር አልችልም።»

«በዚህ ላይ የምትለው አለ?» አለችኝ።

እኔ፣ ለሁሉ ነገር መልስ የማያጣው ቀልደኛ፣ «ኔይ»፣ የለም፣ ብዬ ወጣሁ። በመንገድ ላይ ነገሩን ሳገላብጠው፣ ሁለት ሰዎች መስክረውልኛል፣ ሁለቱም አያውቁኝም፤ ልዩነቱ አንደኛው አለመዋሸቱ ነው። እኔ የተቀየምኩት ደግሞ ያልዋሸውን ነው።

መስቀል ሆነ። አደኑ ተጀመረ፣ አለቀ። የተኩስ ፈተናው ቀን እኔ ሳልኖር አልፏል። ዛፉ ሁሉ ራቁቱን ከቀረ በኋላ እገዳው ተነሣ፤ ነጋዴው ጠርቶ፣ በዚያው ጨዋነቱ፣ ጠመንጃውን አስረከበኝ። አሁን ሣጥኑ ውስጥ ቆሟል። ጥሩ ጠባይ እንዳለው አረጋግጫለሁ፤ እስካሁን አንድ ቃል አልወጣውም።

አንድ ቅዳሜ የቤቴ በር ተንኳኳ። ባልደረባዬ ነው፤ ቤቴን ሲያይ የመጀመሪያው። የአደን ልብሱን እንደለበሰ ነው፤ በእጁ በረዶ የሆነ ሥጋ በፕላስቲክ ይዟል።

«ድርሻህ ነው።»

«እኔ መች አደንኩ?»

«ስምህ ዝርዝሩ ላይ ነበር። የቡድኑ ሕግ ነው።»

ተቀበልኩት። ዝም ብዬ ብዘጋው ጥሩ ነበር፤ ግን ምላሴ መች ያርፋል። «አላውቀውም ያልከውን ሰው ቤት እንዴት አገኘኸው?» አልኩት።

ቀላ። ግን አልሸሸም። «ምን እንድል ፈልገህ ነበር? እንድዋሽ?»

«ያ» አልኩት። «ትንሽ።»

የቀለድኩ መስሎት ፊቴን አየ። አልቀለድኩም ነበር።

«ፖሊሷ ደውላ፣ 'ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እንዴት ነው?' አለችኝ» አለ። «ሚስትህ መሞቷን ከእሷ ሰማሁ። መቼ ነው የሞተችው?»

ነገርኩት። ሥራ ላይ እያለን ነው። የጥቂት ቀን ፈቃድ ጠይቄ፣ የቤተሰብ ጉዳይ ብዬ ነበር። ቤቴ በለቀስተኛ ሲሞላ የኛ ሰው ሁሉ መጥቷል፤ ለሥራ ባልደረቦቼ መንገር እንደሚያስፈልግ እንኳ አልመጣልኝም። እኛ ዘንድ መርዶ ለዘመድ ነው የሚነገረው።

«በዚያ ሳምንት ስትመለስ» አለ ቀስ ብሎ፣ «የርዕሰ መምህሯን ኮፍያ ደፍተህ፣ እሷን አስመስለህ ስትራመድ ነው ያሳቅኸን። ትዝ ይለኛል።»

በሩን በሰፊው ከፈትኩለት። «ግባ» አልኩት።

ወደ ጫማው ተመለከተ። «ጭቃ ነው።»

«ይወለቃል።»

አሰበ። ከልቡ እንዳሰበ አይቻለሁ፤ ጎንበስ ሊልም ትንሽ ቀርቶት ነበር።

«ሌላ ጊዜ» አለና የሊፍቱን ቁልፍ ተጫነ።

ሊፍቱ እስከ ታች ሲወርድ እሰማዋለሁ። ሥጋው ድንጋይ የሆነ በረዶ ነው። ቀኝ እጄ ሲደነዝዝ ወደ ግራዬ አዛወርኩት፤ በሩን ግን ወዲያው አልዘጋሁም።