ጅብ የሌለበት ፊልም

ልጅ ሳለሁ፣ ናሙዎንጎ በሚባለው የድሆች ሰፈር ባለችው አንድ ክፍል ቤታችን መብራት በጠፋ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር፤ ተረት የሚመጣው ያኔ ነውና። አባባ ኩራዙን ለኩሶ፣ እናቴ ማቶኬ የሚባለውን የሙዝ ምግብ ካበሰለችበት የከሰል ማንደጃ አጠገብ በርጩማውን ይስባል፤ ፍሙ ፊቱን ከታች ያቀላዋል፤ ቅንድቡ ላይ ሲታጠብ ያመለጠው የበቆሎ ዱቄት ነጭ ሆኖ ይታያል። ፋብሪካዎች አካባቢ ካለ ወፍጮ ቤት፣ ፖሾ ለሚባለው የበቆሎ ገንፎ የሚሆን ዱቄት ጆንያ ተሸካሚ ነበር።

ዱቄቱ ያተረፈለት ሳል ነው። ተረቱ መሀል ያፍነዋል፤ አባባ ግን መላ አያጣም፤ ሳሉ ሲመጣ አያ ጅቦን ያስገባዋል። የዝንጀሮ ሠርግም ይሁን የንጉሥ ልጅ ታሪክ፣ ጅብ ሳይጠራ ከጫካ ይደርሳል፤ «ኡህ! ኡህ! መጣሁ!» እኔ በሳቅ እንከተከታለሁ። እናቴ አትስቅም ነበር። ያኔ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

አንድ ሰሞን አንዲት ፊልም ሠሪ ወፍጮ ቤቱ ድረስ እየመጣች ሠራተኞቹን ቀረጸች፤ ፊልሙ ሀብታሞቹ ሰፈር ኮሎሎ ባለ አዳራሽ ሲታይም አባባን ከነቤተሰቡ ጠራችው። እናቴ ሸሚዙን ሁለቴ ተኮሰችው። የአዳራሹ መብራት ሲጠፋ፣ ተረት ሊመጣ ነው ብዬ የአባባን እጅ ያዝኩ።

እውነት ለመናገር፣ እንደዚያ ያለ ውበት አይቼ አላውቅም ነበር። ከቆርቆሮው ሽንቁር የገባ የፀሐይ ጨረር፣ በጨረሩ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚንሳፈፍ ዱቄት፣ ከዚያ ውስጥ ጆንያ ተሸክሞ ብቅ የሚለው አባቴ፣ ነጭ በነጭ ሆኖ፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል መስሎ። ካሜራው ጀርባውን፣ የአንገቱን ሥር፣ ጣቶቹን እየዳሰሰ አለፈ። ኮራሁ። ግን አንድ ነገር እየጠበቅኩ ነበር። አባባ ጆንያውን አወረደ፣ አፉን ከፈተ፣ ደረቱ ተናጠ፤ የተሰማው ግን ለስላሳ ሙዚቃ ብቻ ነው።

«አባባ፣ ጅቡስ?» አልኩት ጮክ ብዬ።

ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፣ ሳሉም አልቆም አለ። ሰዎች አንገታቸውን እያዞሩ ገላመጡት፤ አንዱ «እሽሽ!» አለ። እዚያው ፊት ለፊት፣ ስክሪኑ ላይ፣ እሱኑ አፍጥጠው ሲያደንቁ የነበሩ ሰዎች ናቸው። አባባ ጎንበስ ብሎ ወጣ፤ ተከተልነው። ውጭ ግድግዳ ተደግፎ፣ እንባውን በተተኮሰው እጅጌ እየጠረገ፣

«ዱቄቱ አምሮበታል፣ አይደል?» አላት እናቴን።

እሷ ጀርባውን ማሸት ጀመረች።

ከዚያ ወዲህም ተረት ነግሮኛል፤ ሳሉ ሲመጣ ግን እየተነሳ ወደ ደጅ ይወጣ ጀመር፤ ጅብም ከተረቶቻችን ጠፋ። ፍሙ አመድ እስኪለብስ ቆይቶ ይመለስና «የት ደርሰን ነበር?» ይለኛል። እንደዚያ የከፋኝ ጊዜ የለም።

አባባ ካረፈ ቆየ። ዛሬ እኔም ጡብ የሚሠሩ፣ ድንጋይ የሚፈልጡ ሰዎችን እቀርጻለሁ፤ ብርሃን በየት በኩል እንደሚገባ፣ አቧራ መቼ ወርቅ እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ውበቱን እወደዋለሁ፣ እፈራዋለሁም። ፊልሙን ሳቀናብር፣ ሙዚቃ ከመጨመሬ በፊት ዓይኔን ጨፍኜ የተቀዳውን ድምፅ ብቻ እሰማለሁ። አንዳንዴ ከምስሉ ውጭ የሆነ አንድ ሰው ያስላል። ያኔ እጄ ቀጥ ይላል፤ አያ ጅቦ «መጣሁ» የሚለኝ ይመስለኛል።