አራተኛው ቸርኬ

ይህን ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ የጎረቤት ሚስት መመኘቴን ሁሉ ነግሬ ስግደቴን ተቀብያለሁ። ይህችን ግን ጉንጬ ውስጥ እንደያዝኳት ሸመገልኩ። እናንተ አታውቁኝምና ለእናንተ ልንገር።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ጎንደር ላይ አንዲት ትንሽ ጋራዥ ነበረችኝ። መኪና መጠገን እችላለሁ፤ ማቅለጥ ግን አላውቅም ነበር። ያስተማረኝ አያ ባይህ የሚባል የወለቃ መንደር ብረት ቀጥቃጭ ነው፤ ቤተ እስራኤል ነበር። አዘዞ ሜዳ ላይ ወድቆ ከቀረ አውሮፕላን አሉሚኒየም ቆርጠን እናመጣለን፤ በሸክላ እናቀልጠዋለን፤ ሚስቱ ከሸክላ አፈር በሠራችው ቅርጽ ውስጥ እናፈሰዋለን። እኔ ወናፉን እነፋለሁ፣ እሱ የቀለጠውን መልክ አይቶ "አሁን" ይላል። አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳተም። አያ የምለው ከልቤ ነበር? ወይስ ሙያውን እስክወስድበት ድረስ ብቻ?

ልጅ አስፋው የሚባል የባላባት ልጅ አንዲት ክፍት መኪና ነበረችው። ለጥምቀት በአገሩ ማንም የሌለው፣ የሚያብረቀርቅ፣ መሐሉን ከጠርዙ የሚያያይዙ አምስት ክንዶች ያሉት የጎማ ቸርኬ፣ አራት አድርጋችሁ ሥሩልኝ አለን። ሦስቱን አያ ባይህ አፈሰሳቸው። ሞርደን፣ በአመድ አሽተን ፊት የሚያሳዩ አደረግናቸው። ዓርብ ዕለት ሦስተኛውን ጨርስልኝ ብዬ እስከ ማምሻው አቆየሁት። ሲሄድ አራተኛውን ቅርጽ በእጁ ጀርባ ዳሰሰና፣ "ይሄ ገና እርጥብ ነው፤ ሸጋ ቸርኬ በችኮላ አይወጣም። በዓሉን ባንድ አሮጌ ቸርኬ ይዋል" አለኝ። ቅዳሜ እሱ እሳት አይነካም፤ እሑድ እኔ አልሠራም፤ ጥምቀት ደግሞ ሰኞ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ልጅ አስፋው መጥቶ ሦስት ቸርኬ ብቻ ሲያይ፣ ያለ ጠይቡ ምንም አታውቅም ማለት ነው ብሎ በሰው ፊት ሳቀብኝ። ቆጠቆጠኝ። ሰዎቹ ሲሄዱ በሩን ዘግቼ እኔው አቀጣጠልኩ፤ እኔው አቀለጥኩ፤ እኔው አፈሰስኩ። ለእኛም ቀዳሚት ሰንበት መሆኗን ረሳሁ ልበል? አልረሳሁም። አሉሚኒየሙ እርጥቡ ቅርጽ ውስጥ ሲገባ ተንጣጣ፤ ሰምቼዋለሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔ ያፈሰስኩትን ግን ሌላ ሰው ለቀመው።

ከበዓሉ በኋላ ልጅ አስፋው ወደ አዲ አርቃይ ሲወርድ ሊማሊሞ ላይ አራተኛው ቸርኬ ተሰበረ። መኪናዋ ከቋጥኝ ጋር ተላተመች፤ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ስባሪውን አመጡልኝ። ውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን ተበሳስቷል። የእርጥበት ሥራ መሆኑን ለማወቅ ሁለቴ ማየት አላስፈለገኝም።

ዘመዶቹ ጋራዤን ሞልተው ማን ነው ያፈሰሰው አሉ። "እኔ ነኝ" ማለት ምን ያህል ይከብዳል? ለእኔ ከበደኝ።

"ያ ጠይብ ነው" አልኩ። "ቅዳሜ ለት ትክ ብሎ እያየ አፈሰሰው።"

አያ አላልኩትም። ቡዳ የሚለውን ቃልም አፌ አላወጣውም፤ እነሱ እንዲሉት ግን አመቻቸሁላቸው። አገሬ ባለ እጅን ምን እንደሚል አላውቅም ነበርን? ዓይኑ በላው አሉ። ወለቃ ወርደው ወናፉን ቀደዱ፤ ሚስቱ ለሽያጭ መንገድ ዳር የደረደረችውን ሸክላ አደቀቁ።

በሦስተኛው ቀን አያ ባይህ መጣ። ደጃፉ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም።

"ቡዳስ ይበሉኝ፤ ከአባቴ ጀምሮ ለምደነዋል" አለኝ። "ምነው ቅዳሜ እሳት ነካ አልከኝ?"

ያን ዓርብ ስላቆየሁት፣ ቤቱ ሳይደርስ መንገድ ላይ፣ አንገረብ ወንዝ አጠገብ ፀሐይ ጠለቀችበት። ሰንበታቸው ዓርብ ማታ ይገባል፤ በሰንበት ደግሞ መንገድ አይሄድምና ቅዳሜን አንድ ሾላ ሥር ብቻውን ዋለ። ጸሎት ቤታቸው ስላልታየ ሽማግሌዎቹ የኔን ወሬ አመኑ፤ ሰንበት ሽሯል ብለው ከማኅበራቸው ለዩት።

"ከአንተ በቀር የሚያውቅልኝ የለም" አለ። "ለእኛ ሽማግሌዎች ብቻ ንገርልኝ። ለባላባቶቹ አትንገር፤ እሱን እኔ እችለዋለሁ።"

ነገ እመጣለሁ አልኩት። ወለቃ በእግር አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። አልሄድኩም። ምን እፈራ ነበር? ወሬው ከዚያ ይወጣል ብዬ ነው? እሱ እንኳ ጥፋቴን ሊሸከምልኝ ተስማምቶ ነበር። ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሳንጃ መሰደዱን የሰማሁት ገበያ ላይ ነው። ስሰማ ቀለለኝ። አዎ፣ ቀለለኝ።

እሱ ያፈሰሳቸው፣ ከተሰበረችው መኪና የፈታኋቸው ሦስቱ ቸርኬዎች ዛሬም ቤቴ አሉ፤ አንድ ስንጥቅ የላቸውም። የወለቃ ሽማግሌዎች ግን ከነልጆቻቸው አገር ለቀው ሄደዋል፤ ዛሬ ብወርድ የሚሰማኝ የለም። ልጅነት ነው፣ ፍርሃት ነው አልልም፤ ይቅር በሉኝም አልልም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ነገ እመጣለሁ ብዬ የቀረሁበትን ነገር ብቻ ስሙልኝ። ያን ቅዳሜ እሳት የነካሁት እኔ ነኝ። አያ ባይህ ሰንበቱን ጠብቋል።