ቄስ ሆኜ የወጣሁበት መድረክ

የያዙኝ ከአውድማ ላይ ነው፤ ለወንበዴ ስንቅ አቀብለሃል ብለው። ላሊበላ አምጥተው ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ገና የገብስ አቧራ ይሸታል። እንደ ልቡ የሚዘል ቁንጫው ብቻ ነበር። በግራዬ አንድ መምህር፣ በቀኜ አንድ ሽማግሌ ቄስ ይተኛሉ።

የአብዮት በዓል ሲቃረብ ካድሬው መጣ። እስረኞች ቴአትር እንድናሳይ፣ የገጠሩም ሰው ወጥቶ እንዲያይ ታዟል አለ። ታሪኩ አጭር ነው፤ ሆዳም ቄስ ድሃውን ሲዘርፍ ይኖራል፣ በመጨረሻ ገበሬው በእርግጫ ያባርረዋል፣ ሰው ይስቃል።

«ቄሱን ይሄው ቄስ ራሱ ይጫወተው» አለ።

ሽማግሌው መምሬ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። በገዛ ምእመናቸው ፊት ሊረገጡ ነው።

«እሳቸው ድምፅ የላቸውም፤ እኔ ልሁን» አልኩ።

«ማንበብ ትችላለህ?»

«አልችልም። በቃሌ እይዛለሁ።»

መምህሩ ተማሪዎቹን ቴአትር ያሠራ ስለነበር አዘጋጅ ሆነ። ቃለ ተውኔቱን እየደጋገመ አስጠናኝ። በልምምዱ ላይ «አንተ ሰውዬ፣ ጀርባህን ለተመልካች አትስጥ፤ በሬ እየነዳህ አይደለም» ይለኛል። አረማመዱን ግን ከመምሬ ሰረቅሁ።

ቀኑ ደረሰ። መድረኩ ሳንቃ፣ መጋረጃው ሁለት ብርድ ልብስ ነው። ሜዳው ሞልቷል፤ ቴአትር አይቶ የሚያውቅ ግን ያለ አይመስለኝም። መምሬም ከእስረኞቹ መሐል ተቀምጠዋል። ጥምጥም ጠምጥሜ፣ የእንጨት መስቀል ይዤ ወጣሁ። ሆዴን ነፍቼ እንድንገዳገድ ነበር የታዘዝኩት። እግሬ እምቢ አለኝና እንደ መምሬ ዝግ ብዬ ተራመድኩ።

ከፊት አንዲት አሮጊት ተነሡ። «ኖር» አሉ።

ሜዳው በሙሉ ብድግ አለ። «ኖር፣ ኖር አባታችን።» ጠመንጃ የያዘው ጥበቃ እንኳ ቆቡን አወለቀ።

ካድሬው «ተቀመጡ፣ ቴአትር እኮ ነው» እያለ ይዞራል። ማን ይስማው። ቄስ ቆሞ ሰው ይቀመጣል እንዴ።

መምህሩ ከመጋረጃው ጀርባ «ቃልህን፣ ቃልህን» ይለኛል። የተማርኩት ቃል «እናንተ ድሆች፣ ያላችሁን አምጡ» የሚል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ቄስ አይደለሁምና መባረክ አልችልም። የእግዜርን ስም መድረክ ላይ መጥራት ደግሞ ተከልክሏል። ኖር ያለህን ሰው ግን ትመልስለታለህ።

«በእግዜር» አልኩ፣ እስከ ኋላ እንዲሰማ አድርጌ።

ሰዉ ተቀመጠ። ሊረግጠኝ የነበረው ተዋናይ፣ እሱም እስረኛ ነው፣ እግሩን ማንሣት አቅቶት ጎንበስ ብሎ መስቀሉን ተሳለመ። ሴቶቹ እልል አሉ። ቴአትሩ እዚያው ላይ አለቀ።

ሦስት ቀን ለብቻዬ ዘጉብኝ። ስመለስ መምሬ ገና ከበሩ እያዩኝ «አረማመዴ እንዲያ ነው እንዴ? ጭቃ የገባች በቅሎ መስለህ ነበር» አሉኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ጥበቃው በሩን እየደበደበ እንኳ አላቆምንም።

አሁን አርጅቻለሁ። ሰው «አልፈራህም ወይ» ይለኛል። ፈርቻለሁ እንጂ። ግን ያን ጊዜ ዝም ብል ኖሮ፣ ያ ሁሉ ሰው እስከ ዛሬ ቆሞ የሚጠብቀኝ ይመስለኛል።