ከውኃ የተገኘው ዱቄት

እናቴ መርፌ አትፈራም ነበር። የምትፈራው የጠበል ቁጣ ነው።

ከጉና ሥር ተነሥታ ደብረ ታቦር እኔ ዘንድ ስትመጣ ሳሉ ጎኗን ቀስፎ ይዟት፣ ትኩሳቱ አቃጥሏት ነበር። ሐኪሙ የሳምባ ምች ነው አለና የሚወጋ መድኃኒት አዘዘላት። ነርስ ነኝና ጠዋትና ማታ የምወጋት እኔው ነበርኩ። ነጩን ዱቄት በውኃ ስበጠብጥ ትክ ብላ ታየኝና «አንች፣ ይኼን ከምን ነው እሚሠሩት?» ትለኛለች።

«ከፋብሪካ ነው የሚመጣው፣ እማ» እላታለሁ። ያን ሁሉ ዓመት ስወጋው ከምን እንደሚሠራ አላውቅም ነበር፤ ከእሷ በቀር የጠየቀኝም የለም።

ትኩሳቷ በረድ ብሎ እህል መቅመስ ስትጀምር፣ ስለት አለብኝ፣ ጣራ ገዳም ሄጄ እጠመቃለሁ አለች። እኛ አገር ጠበል የገባ ሰው መርፌ አይወጋም፣ ክኒን አይውጥም፤ ጠበሉ ይቆጣል ይባላል። መድኃኒቱ አላለቀም ብዬ ለመንኳት፣ ጮህኩባት። «የሰው እጅ የሠራው ከእግዜር ውኃ ጋር አይገጥምም። ስመለስ ትወጊኛለሽ» አለችኝ። የቀሩትን ብልቃጦች በነጠላዋ ጫፍ ብቋጥርላት ፈትታ መለሰችልኝ። ወንድሜ ይዟት ሄደ።

ሱባኤዋን ሳትጨርስ ደወለልኝ። ትኩሳቱ አገርሽቶባታል፤ የገዳሙ አባት ራሳቸው «ጠበሉም መድኃኒቱም የእርሱ ነው፣ ቶሎ ውሰዳት» ብለውት መኪና እየፈለገ ነበር። ብልቃጦቹን ይዤ መንገድ ላይ ጠበቅኋቸው። ሚኒባሱ ሲቆም ወንድሜ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም።

ከተቀበረች በኋላ ነው፣ ሥልጠና ላይ አንድ አስተማሪ የዚያን መድኃኒት ነገር ያነሣው። መነሻው ባሕር ነው አለ፤ በባሕር ውኃ ውስጥ የተገኘ ሻጋታ፣ ተሕዋስያንን ለመግደል የሚያመነጨው ነገር ነው። ሌሎቹ ይጽፋሉ፣ እኔ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ከውኃ! ይኼንኑ እኮ ነበር የጠየቀችኝ።

እርግጥ ሻጋታ አትወድም። ዳቦ ላይ አንዲት ነጥብ ካየች ሙሉውን ለውሻ ነበር የምትጥለው። ብነግራት ባሕሩን ትታ ሻጋታውን ትይዝብኝ ነበር ይሆናል። ወይም ክንዷን ትሰጠኝ ነበር። አላውቅም፤ እንቅልፍ የነሣኝም ይኸው ነው። ዱቄቱን በበጠበጥኩ ቁጥር ከኋላዬ ትጠይቀኛለች። ሳሏንም እሰማዋለሁ።

አሁን ማንም ሳይጠይቀኝ እናገራለሁ። ሰሞኑን አንዲት እናት የጠበል ጀሪካናቸውን ታቅፈው አልወጋም አሉ። «እናቴ፣ ይኼም እኮ ከውኃ ነው የተገኘው፣ ከባሕር» አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና ጀሪካኑን መሬት አስቀምጠው ክንዳቸውን ሰጡኝ።

እሳቸውን ሸኝቼ መድኃኒት ክፍል ገባሁና በሩን ዘጋሁ። «እማ፣ ከውኃ ነው» አልኩ ጮክ ብዬ። ደግሜም አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ለሌላ ሰው ስበጠብጥ እንደገና ጠየቀችኝ።