ከእውነተኛው ያማረ ዩኒፎርም

ሰፈሩ እትዬ መርፌ የሚላት ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ምላሷም ይወጋል። ሃያ ሁለት ዓመት ስትሰፋ አንድም ደንበኛ "ጠበበኝ" ብሎ ተመልሶባት አያውቅም። ለፍርድ ቤት ያበቃትም ይኸው ሙያዋ ነው።

ሦስት ወንዶች አንድ አሮጌ የጥበቃ ዩኒፎርም ይዘው መጡና "ልክ እንደዚህ ሦስት ይስፉልን" አሏት። ልክ እንደዚያ ብትሰፋላቸው ኖሮ ማንም ባልነቃባቸው ነበር። እሷ ግን የተንሻፈፈ ኮሌታ አይታ ማለፍ አይሆንላትም፤ ትከሻውን አቃናች፣ ወገቡን ሰብሰብ አደረገች። ሰዎቹ ያንን ለብሰው በጠራራ ፀሐይ የመጋዘን ዕቃ ሲያስጭኑ፣ የመጋዘኑ ጸሐፊ "የእኛ ዘበኞች ደግሞ መቼ እንዲህ አምሮባቸው ያውቃል?" ብላ ፖሊስ ጠራች። ሌቦቹ ተያዙ፤ እትዬ መርፌም ተባባሪ ተብላ ተከሰሰች።

ዐቃቤ ሕጉ ድርድር አቀረበ። አውቄ ነው የሰፋሁት ብላ ካመነች ቅጣቱ በገደብ ሆኖላት ቤቷ ትገባለች። ተከራክራ ከተረታች ግን እስከ አምስት ዓመት ትታሰራለች።

"ይፈርሙ፣ እትዬ" አላት በዕድሜ ልጇ የሚሆነው ወጣት ጠበቃዋ።

"የሌባ ተባባሪ ነኝ ብዬ? ሞቼ እገኛለሁ! ይልቅ የኮትህ ግራ እጅጌ ከቀኙ ይረዝማል፤ ማነው እንዲህ የተጫወተብህ?"

ባሏ፣ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲለምናት ከረመ። "አንቺ ሴት፣ የምትዋሺው እኮ አንዲት ቃል ናት! እውነቱን እኔና እግዜር ካወቅን ምን ጎደለሽ?"

"እግዜር አይፈርም። ፈራሚዋ እኔ ነኝ" አለችው።

በቀጠሮው ቀን ልትከራከር ቆርጣ ሄደች። ወግ ነውና የድርድሩን ወረቀት ሰጧት፤ መነጽሯን አድርጋ አነበበች። "ለወንጀል እንደሚውል እያወቀች" የሚለው ላይ ስትደርስ ዓይኗ ቆመ።

ከሦስቱ አንደኛው ሱሪውን ስትለካው "ጭኑ ጋ ሰፋ ያድርጉልኝ፣ ስሮጥ እንዳይዘኝ" ብሏት ነበር። ያኔ ሜትሩ በእጇ እንዳለ፣ ዘበኛ ቆሞ ነው የሚውለው፣ ይሄ ከማን ነው የሚሮጠው? ብላ አስባ ነበር። አስባ ስታበቃ ሁለት ጣት አሰፋችለት። ያልጠየቀችው መልሱን ስለፈራች ነበር። አሁን ፊቷ ጋለ፤ በዕድሜዋ እንዲህ አፍራ አታውቅም። እስክሪብቶውን አንስታ ፈረመች።

ጠበቃው በደስታ ሁለት እጇን ጨበጠ። ባሏ ደረጃው ላይ ክንዷን ይዞ "ተመስገን! አንድ ቀን ብትዋሺ ሰማይ አይደፋም ብዬሽ አልነበር?" እያለ ይስቃል።

"አልዋሸሁም" አለችው።

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ምን ማለቷ እንደሆነ ግን አልጠየቃትም።