የእትዬ ገመድ ፊርማ

ሰው የዕድሜ ልክ ሥራህን ትቶ አንዷን ስህተትህን ይዞ ስም ያወጣልሃል። እትዬ ገመድም ስሟን ያገኘችው እንዲሁ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ጣቢያ የፑልሳሮችን ምት ስትመዘግብ ኖራለች። ፑልሳር ማለት እየተሽከረከረ፣ ጊዜውን ጠብቆ የሬዲዮ ምት የሚልክ የሞተ ኮከብ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ከአንቴናው ወደ መቅጃው ክፍል የሚወርደው ገመድ ረዘም ባለ ሲቀየር፣ ምልክቱ ገመዱ ውስጥ የሚያጠፋትን ቅንጣት ጊዜ መቀነስ ረሳች። ስህተቱን ያገኘባት ሰው አልነበረም፤ ራሷ አግኝታ ራሷ ተናገረች። ቅንነቷ ጉድ ሠራት። ከዚያ ወዲህ ስለ ኮከብ አፏን በከፈተች ቁጥር «እትዬ፣ ገመዱን አይተሽዋል?» ይሏታል፤ ቢሮው ሳቅ በሳቅ ይሆናል። እሷም አብራ ትስቃለች። ምን ታድርግ?

በዚያ ሰሞን አንዲት መንኮራኩር በጠፈር ወደሚዞር ሩቅ ትንሽ ዓለት እየተጓዘች ነበር። ከፀሐይ ጀርባ ስለምትገባ ሦስት ሳምንት ከምድር ጋር አትነጋገርም፤ መንገዷን የምታገኘው በአራት ፑልሳሮች ነው። የእያንዳንዱ ምት መቼ መድረስ እንዳለበት የሚናገር ሰንጠረዥ ትይዛለች፤ ምቱ ምን ያህል እንደቀደመ ወይም እንደዘገየ አይታ የት እንዳለች ታሰላለች። ሰንጠረዡን የምታዘጋጀው እትዬ ገመድ ናት። ያለ እሷ ፊርማ አይላክም።

ሊላክ አራት ቀን ሲቀረው ከአራቱ አንዱ ድንገት ፍጥነት ጨመረ። ፑልሳሮች አልፎ አልፎ እንዲህ ያደርጋቸዋል። አራቱንም ቀን ለካች፣ ገመዱንም ሳይቀር ፈተሸች፤ ከዚያ በመጨረሻው ጠዋት ወረቀቷን ይዛ የጣቢያው አለቃ ዘንድ ገባች። አለቃው ሥራውን የለመደው ከእሷ ነው።

«ኮከቡ ፈጥኗል። ሰንጠረዡ እንዳለ ከሄደ መንኮራኩሯን መንገድ ያስታታል» አለችው።

«እትዬ፣ ገመዱን...»

«ተወኝ እስቲ! የገመድ ስህተት ባለበት ነው የሚቆመው። ይሄ በየቀኑ እያደገ ነው!»

«ሌላው ጣቢያ እኮ ምንም አላለም።»

«ሌላው ጣቢያ ይሄን ኮከብ የሚያየው በወር አንዴ ነው።»

አለቃው ሰዓቱን አየ። «ቀትር ላይ ካልላክን አለቀ። አንዱን ኮከብ አውጡ ብል፣ የበረራው ሰዎች ማን ነው ያለው ሲሉኝ ምን ልበል? እትዬ ገመድ ልበላቸው?»

በሩ ላይ የቆሙት ባልደረቦቿ ሳቃቸውን ለማፈን አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ፊቷ ጋለ። ብዕሩን አንስታ ፈረመች። ያስገደዳት የለም፤ የፈረመችው ዳግመኛ እንዳይሳቅባት ብቻ ነው። አንጀት የሚያቃጥለውም ይኸው ነው።

ቤት ስትገባ ታላቅ እህቷ ነገሩን ከራሷ ሰምታ፣ «ካወቅሽ ለምን ፈረምሽ?» አለቻት።

«ሰለቸኝ» አለች፤ ምሳዋን ሳትነካ ተነሣች።

መንኮራኩሯ ከፀሐይ ጀርባ ስትወጣ ዓለቱን ስታ አልፋው ነበር። መመለሻ ነዳጅ የላትም። የስንት ሰው የአሥራ አንድ ዓመት ልፋት ገደል ገባ። አጣሪ ኮሚቴ ተቀመጠና እትዬ ገመድ ተጠራች። አለቃው እዚያው ነበር፤ የዚያን ጠዋት ነገር ግን አላነሣም፣ ቀና ብሎም አላያትም።

«ኮከቡ እንደተለወጠ አውቅ ነበር። እያወቅሁ ፈረምኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። ይህን ለመናገር ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራለች።

ሰብሳቢው ሽበታም፣ ደግ ሰው ናቸው። «አይዞሽ ልጄ፣ ራስሽን አትኮንኚ። መሣሪያው አርጅቷል፣ አንቺም ደክመሻል። ሰው ነሽ፣ ትሳሳቻለሽ።»

«አልተሳሳትኩም እኮ! አውቄ ነው የምላችሁ!»

ቃለ ጉባኤ ያዡ ምን ልጻፍ በሚል ዓይን ሰብሳቢውን አያቸው።

«አላስተዋለችም በል» አሉት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ከዚያ ሁሉም ተነሡ። በየተራ እየመጡ ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። ይቅር ብለዋታል።