ዳሲቱ ጀቤሳ እና አሥራ አንዱ ምንጮች

ዳሲቱ ጀቤሳ አቃቂ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗት ነበር። የዓለምን ትልልቅ ወንዞች ከነገባሮቻቸው እንደ ውሃ ጠጥታቸዋለች። አባቷ አቶ ጀቤሳ ደግሞ ኮንዶሚኒየሙ ከመሠራቱ በፊት ኮዬ ፈጬ ላይ ገበሬ ነበሩ። እናቷ ካረፉ ወዲህ ቱሉ ዲምቱ ከእሷ ጋር ነው የሚኖሩት።

አንድ የጥር እሁድ አባትና ልጅ ኮዬ ፈጬ ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ፣ በሁለት ብሎኮች መካከል ያለው መንገድ ረጥቦ አገኙት። ዳሲቱ ለጫማዋ ሳስታ በዳር በኩል ዞረች። አባቷ ግን ቆሙ።

«ቧንቧ ፈስሶ ይሆናል፣ አባባ። ይምጡ።»

አቶ ጀቤሳ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ነከሩ። «የቧንቧ አይደለም። ለብ ይላል። በብርድ ወር ለብ የሚል የምንጭ ውሃ ነው። ይሄ ቡርቃ ሶሬሳ የምንለው ምንጭ ነው።» ቀና ብለው ፎቆቹን አዩና «ሌሎቹም ቢሆኑ የትም አልሄዱም» አሉ።

«ስንት ነበሩ?»

«አሥራ አንድ።»

በዚያው ሳምንት ዳሲቱ ሰሌዳ ፊት ቆማ ስለ ራይን ወንዝ ስታስረዳ በመሃል ጠመኔዋን አስቀመጠች። እንደ እንቦሳ የቦረቀችበት መሬት ላይ አሥራ አንድ ምንጭ እንደነበረ አታውቅም ነበር፤ ከአንዱ በቀር የአንዳቸውንም ስም አልሰማችም። የእረፍት ሰዓቷ እንደደረሰ መምህራን ማረፊያ ገብታ በስልኳ የማስተርስ ማመልከቻ ፎርም ከፈተች።

መክፈቱ ቀላል ነበር። ትራንስክሪፕቱን ማስላክ፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላት መምህር ፈልጎ ማግኘት ሦስት ወር ፈጀባት። የመግቢያ ፈተናውን ወደቀች፤ የጣላት ከሃያ ዓመት በላይ ያልነካችው ሒሳብ ነው። «በአርባ አምስት ዓመትሽ ምን ሊያደርግልሽ?» ያሏትም ነበሩ። የሒሳብ አስተማሪው ጌዲዮን ግን ዓመቱን ሙሉ በምሳ ሰዓት አስጠናት። በሁለተኛው ዙር አለፈች።

የቅዳሜና እሁድ ተማሪ ሆነች። ከክፍሉ ትልቋ እሷ ነበረች። ልጆቹ በኮምፒዩተር ካርታ ሠርተው ሲጨርሱ እሷ ገና ፋይሉን የት እንዳስቀመጠችው ትፈልጋለች። ቀስ እያለች ግን ለመደችው።

በሁለተኛው ዓመት ለመመረቂያ ጽሑፏ አሮጌ የአየር ፎቶግራፍ ጠይቃ አገኘች፤ አባቷ ጎረምሳ ሳሉ ከአውሮፕላን የተነሣ ነው። በትልቅ ወረቀት አሳትማ ቤት ወሰደችውና ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ልታስረዳቸው አፏን ስትከፍት አባቷ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው አዞሩት።

«የረር ተራራ በዚህ በኩል ነው መሆን ያለበት።»

አቶ ጀቤሳ አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም፤ መሬታቸውን ከላይ አይተውት አያውቁም። ጣታቸው ግን በወረቀቱ ላይ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ሰው ይሄድ ጀመር።

«ይሄ የከብቶቹ መውረጃ። ይሄ የለሜሳ አጥር። ይሄ ዋርካው። ይሄ... ይሄማ የኛ አውድማ ነው።» አንገታቸውን ደፍተው ቀረብ አሉ። «ጤፉ ተከምሯል፤ ገና አልተወቃም። እንግዲህ ጥር የገባ ሰሞን ነው።»

ዳሲቱ ከፎቶው ጋር የተሰጣትን መግለጫ ገልጣ አየች። ጥር ስድስት ይላል።

አባቷ አውድማው አጠገብ ያለች የጤፍ ቅንጣት የምታህል ጥቁር ነጥብ ነክተው ሳቁ። «ይሄ እኔ ብሆንስ?» እሷ አልሳቀችም።

አሥራ አንዱን ምንጮች በየስማቸው እየጠሩ አሳዩዋት። እሷም ፎቶውን ከዛሬው የሳተላይት ምስል ጋር አጋጥማ ነጥቦቹን ካርታ ላይ አሰፈረች። ከዚያ ጂፒኤስ ይዛ፣ አባቷም ከዘራቸውን ይዘው ኮዬ ፈጬ ወረዱ።

«ፎቆቹ ከለሉኝ፤ ወደ ላይ አውጪኝ» አሉ። ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ቆመው በአንድ ወገን የረርን፣ በሌላው ዝቋላ ተራራን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ወርደው ሳያመነቱ ተራመዱና ከዘራቸውን ተከሉ። «እዚህ።»

ጂፒኤሱ አልተስማማም። የእሷ ነጥብ አርባ ሜትር ያህል ወደ ታች ነው። ሁለተኛውም ምንጭ እንዲሁ። ሦስተኛውም።

አማካሪዋ ዶክተር ሩት አዘነችላት። «የሰው ትዝታ ይንሸራተታል፣ ዳሲቱ። ቦታው እኮ ከተማ ሆኗል።»

አባቷ ይህን ሲሰሙ አልተቆጡም። «ማሽኑን ጠይቂው» ብቻ አሉ።

ዳሲቱ ቁጥሮቹን ደርድራ አየቻቸው። ሰው ቢሳሳት ወዲያም ወዲህም ይሳሳታል እንጂ፣ ሁልጊዜ እኩል፣ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን እንዴት ይሳሳታል? ፎቶውን ስታጋጥም ከሁሉ አብልጣ የተማመነችበት አንድ የወንዝ ድልድይ ነበር። በማግስቱ ወንዙ ድረስ ሄደች። ከድልድዩ ከፍ ብሎ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ የፈረሰ የድንጋይ ምሰሶ ቆሟል። በፎቶው ላይ ያለው ድልድይ ያ ነው፤ የዛሬው ከእሱ ወደ ታች ወረድ ብሎ የተሠራ ሌላ ነው። የተንሸራተተችው እሷ ነበረች።

ካርታውን አርማ እንደገና ስትከፍተው፣ ነጥቦቿ አንድ በአንድ አባቷ ከዘራ ከተከሉበት ሥር ገቡ። ሁለቱ ምንጮች ሕንፃ ስላረፈባቸው ሊረጋገጡ አልቻሉም። የዘጠኙ ልዩነት ግን ከአሥር ሜትር አልዘለለም። ዶክተር ሩት ወደ ስክሪኑ ተጠግታ «ሁለት ተራራ ብቻ ምልክት ይዘው?» አለች። «ሁለት ተራራ ይዘው» አለቻት ዳሲቱ።

የመመረቂያ ጽሑፏን በተከላከለችበት ቀን አቶ ጀቤሳ ኮታቸውን ለብሰው መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ የመስክ መረጃውን ማን እንደሰጣት ጠየቁ። «አባቴ ናቸው» ብላ አሳየቻቸው። ፈታኙ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ሽማግሌውን እጅ ነሡ። ሌሎቹም ተከትለው ተነሡ። አቶ ጀቤሳ ግራ ገባቸውና እሳቸውም ብድግ አሉ። ዳሲቱ ቀጣዩ ስላይድ የትኛው እንደሆነ ጠፋት።

ውጤቷ እጅግ በጣም ጥሩ ሆነ። ወደ ቤት ሲመለሱ ሚኒባስ ውስጥ አባቷ በመስኮት የሚያልፈውን አገር ሲያዩ ቆዩና ዞር አሉ።

«ያ አውሮፕላን፣ እናትሽ በተወለደችበት በዱከም በኩልስ አልፎ ይሆን?»

«ሳያልፍ አይቀርም፣ አባባ።»

«እንግዲያው የዚያንም ፎቶ አምጪው» አሉ። «የሷን ደጅ አሳይሻለሁ።»